ለሞት ቀን የወጣ ስም

ይድረስ ለልጄ። ጌታ ሃሪ በሄድክበት ይቅደምልህ፣ የሰው አገር ጤናህን አይንሳህ። የጋንጋ ወንዝ ሞልቶ የጓሮውን ግንብ ይዞት ሄደ። ላሟ ወልዳለች።

አባትህ ማክሰኞ ጠዋት ማረፋቸውን አጎትህ ኒባራን በስልክ ነግሮሃል፤ እንዴት እንዳረፉ ግን አልነገረህም። በመጨረሻ ትንፋሹ የአምላክን ስም የጠራ ዳግም ከመወለድ ነፃ ይወጣል። አንተንም ጃናርዳን ብለው በአምላክ ስም የሰየሙህ ለዚህች ቀን ነበር። «ስሞት መቼም ልጄን መጥራቴ አይቀርም» ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ የሰው ዓይን ፈርቼ በአትክልት ስም ፖቶል አልኩህ፤ ሰፈሩም እሳቸውም ፖቶል እንዳሉህ ቀሩ።

ዘማሪዎቹ አልጋውን ከበው ጸናጽል እየመቱ የጌታን ስም ሲያዜሙ፣ አጎትህ ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብሎ «ወንድም ጋሼ፣ ሃሪ በል! አንዴ ብቻ!» እያለ ለመናቸው። ዓይናቸውን ገልጠው በሩን አዩ።

«ፖቶል መጣ?» አሉ። በዚያው አለፉ።

አጎትህ እስከ ዛሬ አያናግረኝም። አልፈርድበትም።

የእኔም ቀን ሲደርስ እንዳልሳሳት፣ ከእንግዲህ ጃናርዳን ልልህ ቆርጬ ሳምንቱን ሙሉ ብቻዬን ስለማመደው ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ወንዙ ያመጣው እባብ ደጃፍ ላይ አስደንግጦኝ የጮህኩት «ፖቶል!» ብዬ ነው።

ልጄ፣ እድሜህን ያርዝመው፤ ምግብ አትዝለል። እባክህ ቶሎ ቶሎ ደውልልኝ። ጃናርዳን ስልህ አቤት በለኝ። ፖቶል ካልኩህ ግን፣ ባለቅስም እንኳ፣ ዝም በለኝ።

እናትህ