ያልቀለጠው ቸኮሌት

ይድረስ ለእታለም ኦዴሳ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? የአላስካ ብርድ አፍንጫሽን ተወልሽ ወይስ እሱንም ከፋብሪካችሁ ዓሣ ጋር በቆርቆሮ አሸጉት? ባልሽ ሮይስስ ማንኮራፋቱ ተሻለው? እኔ ከንዴት በቀር ጤናዬ ደህና ነው። እማዬም ደህና ናት፤ ይህን ቀድሜ የምነግርሽ ከታች ያለውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከባድ ዝናብ ይመጣል ተባለ። የጎረቤታችን ልጅ ኮሪና እኔ በምሠራበት ማዕከል ሱፐር ኮምፒውተር ላይ ወንዛችን እስከ የት እንደሚሞላ ልታሰላ ተነሣች። ስሌቱ ተከፋፍሎ በሱፐር ኮምፒውተሩ ብዙ ማሽኖች ላይ ባንዴ ካልተሠራ፣ ውጤቱ የሚመጣው ከጎርፉ በኋላ ነው። እማዬ ደግሞ «ማሽናችሁ ውጪ ካላለኝ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም» ብላለች። ታውቂያት የለ።

ማሽኖቹን ማን ይዟቸዋል? ዶክተር ሃልቨርሰን የሚሉት ተመራማሪ። ከግማሽ በላይ ለሱ ተይዘዋል፤ ሥራውን ማከፋፈል ረስቶ ግን አንዷ ብቻ ትለፋለች፣ ሌሎቹ ያንቀላፋሉ። የሚሠራ ማሽን ስለሚግል፣ እኔም ምግብ ክልክል ወደሆነበት ክፍል ሁለት ቸኮሌት ይዤ ገባሁ። አንዱን ከሌሎች ሰዎች ማሽን ጀርባ፣ ሙቅ አየር ከሚወጣበት አኖርኩ፤ አንዱን ከሱ ማሽኖች ጀርባ። የነዚያ ሾርባ ሆነ። የሱ ጥርስ ይሰብራል። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ «ዶክተር፣ ሥራዎ በርዷል፣ ይቅመሱት» አልኩት። «አንተ ቀልደኛ፣ ከባድ ስሌት ስለሆነ ነው የዘገየው። ወረፋዬን ጠብቄ ያገኘሁት ነው፣ እስከ ሰኞ የኔ ነው» ብሎ ቸኮሌቱን በላው። በላው እኮ እታለም። አለቃችንም «በደንቡ ልክ ነው» አለ። ወንዙ ደንብ የሚያነብ ይመስል።

እየጦፍኩ ኮሪና ዘንድ ብሄድ የሷ ባሰ። ሁለት ሰዓት ለሚፈጅ ሥራ ሙሉ ቀን ብላ ጠይቃለች። እዚህ ሁሉም እንዲያ ነው፤ የጠየቁት ሰዓት ካለቀ ሥራው መሃል ላይ ስለሚቆረጥ፣ በፍርሃት ያጋንናሉ። ከዶክተሩና ከሌሎቹ የተረፉት ማሽኖች ማታ ለሚጀምር ሌላ ትልቅ ሥራ ተጠብቀው ባዶ ናቸው፤ እስከዚያ የሚያልቅ ሥራ ይገባባቸዋል፣ ሙሉ ቀን ያለ ግን አይገባም።

«አንቺዬ፣ እውነቱን ብትጽፊ ምን ይልሻል?» አልኳት።

«ቢቆረጥስ? እናትህን አንተ ታወጣታለህ?»

«በጀርባዬ።»

«አንተ? ቦርሳህን እንኳ የምሸከምልህ እኔ ነበርኩ» አለችና ሦስት ሰዓት ብላ ጻፈች። ወዲያው ገባላት።

ውሃው እማዬ ምድጃ ድረስ ይመጣል የሚል ውጤት ወጣ። እማዬ እየተራገመች ዶሮዎቿን አቅፋ አጎታችን ዌንደል ዘንድ ወጣች። አርብ ውሃው ምድጃውን አልፎ መስኮቱን ነካ። ሥራ ስገባ የዶክተሩን ማሽኖች ጀርባ ዳሰስኩ፤ ዛሬም እንደ በረዶ ናቸው። እማዬ «ያን ሰውዬ ጥራልኝ፣ ጭቃውን ያጥብልኝ» ብላለች። ቸኮሌት አለ ብዬ እጠራዋለሁ።

ሮይስን በክርንሽ ጎሸም አድርገሽ ሰላም በይልኝ። ልጅሽን ታሊን ጉንጯን ቆንጥጪልኝ፤ ድመቷንም አትርሺያት።

ወንድምሽ ላይል
ምሥራቅ ቴነሲ፣ መጋቢት 11 ቀን 2019