«ዓይኔ» እያልኩ ስጠራት

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽና ልጆቹስ? የትንሿ ሳል ለቀቃት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ የሚያመኝ የለም። ደክሞኛል ብቻ። የእናትሽ ጫማ እስካሁን ከበሩ ሥር ነው፤ ላነሣው ጎንበስ እልና መልሼ ቀና እላለሁ።

እሑድ በስልክ ያልሽኝን ሳሰላስል ሰነበትኩ። ያን ጊዜ የሚገባውን መልስ ሳልሰጥሽ ስልኩን ዘጋሁ። ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ፤ ከስድስተኛ ክፍል እንዳላለፍኩ ታውቂያለሽ።

አንድ ቂም አለሽ። ልጅ ሳለሽ አንድ ቀን «የሰው እናት ልጇን በር ላይ ትቀበላለች፤ የኔዋ አውቶቡስ ላይ ተለጥፋ ታመሻለች» ብለሽ በሩን በላያችን ላይ ዘጋሽው። እናትሽ ድንች መላጧን ቀጠለች። እኔም ዝም አልኩ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

አውቶቡስ የምነዳለት ፋብሪካ ሠራተኛ አመሻሽ ላይ ሲለቀቅ እናትሽ ሹራቧን ይዛ ከጎኔ ትቀመጥ ነበር። ሠራተኞቹ «ጋሼ፣ እትዬ ረዳት ሆነው ተቀጠሩ እንዴ?» ይሉኛል። እኔ «ዓይኔ?» ስላት እሷ ከሹራቧ ቀና ብላ «በቀኝ ሁለት ሰው» ወይም «ቀስ በል፣ ጋሪ አለ» ትለኛለች። ከኋላ ያሉት ደግሞ «በዚህ ዕድሜ ዓይኔ! እኛንማ ሚስቶቻችን አንተ ሰውዬ ነው የሚሉን» እያሉ ይስቃሉ። የፍቅር ስም መስሏቸው ነው። ፍቅርም ነበረው፤ ግን ሥራዋ ነበር።

ዳፍንት አለብኝ፣ ልጄ። ለሌላው ሰው ድንግዝግዝ ሲሆን ለእኔ ድቅድቅ ነው። ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱን ሲያበራብኝ ደግሞ የማየው ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። እናቴም እንዲሁ ነበረች፤ አመሻሽ ላይ ግድግዳ ስትዳብስ እኛ ልጆቿ እንስቅባት ነበር። መንጃ ፈቃዴን ሳሳድስ ምርመራው ጠዋት ነው፣ ብርሃን በሞላው ክፍል። ከፊደል ሰሌዳው የመጨረሻዋ መስመር ሳትቀር አነብላቸዋለሁ። አንዷ ሐኪም «የጭልፊት ዓይን ነው ያለዎት» ብላኛለች። «አመሻሽ ላይስ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። ካልጠየቁኝ አልዋሸሁም እያልኩ ራሴን ስሸነግል ሃያ ዓመት አለፈ።

እናትሽ ካረፈች ወዲህ የቀኑን ፈረቃ ለምኜ ያዝኩ። ባለፈው ወር ግን የአመሻሹ ሹፌር ታመመና እኔን አወጡኝ። እምቢ ለማለት ምክንያቱን መናገር ነበረብኝ፤ አፈርኩ። መታጠፊያው ላይ ስደርስ ልማድ ሆኖብኝ «ዓይኔ?» አልኩ። ወንበሩ ባዶ ነው። መንገዱም ባዶ መስሎኝ ታጠፍኩ። አንዲት ሴት ከኋላዬ «ሰው! ሰው አለ!» ብላ ስትጮህ ፍሬን ያዝኩ። ጋሪ የሚገፋ ሰው ኖሯል። ጋሪው ተገልብጦ ሽንኩርቱ አስፋልቱን ሞላው፤ ሰውየው በአምላክ ቸርነት ክርኑ ብቻ ተላጠ። ሽንኩርቱን አብሬው ስለቅም «አባት፣ እኔስ እሺ ቀጭን ነኝ፤ ይህን የሚያህል ጋሪ እንዴት ሳያዩት ቀሩ?» አለኝ። ፍሬን እምቢ አለኝ አልኩት። ለአለቆቼም ይህንኑ ደገምኩላቸው። በማግስቱ መካኒኩን ከሥራ አገዱት።

ሦስት ቀን ጸለይኩ፤ ጸሎቴ ከጣሪያው አላልፍ አለኝ። በአራተኛው ቀን አለቃዬ ቢሮ ገብቼ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩና መንጃ ፈቃዴን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። መካኒኩ ወደ ሥራው ተመለሰ። «ጋሼ፣ ፍሬኑን አምስቴ ፈታሁት እኮ፤ ለካ መፈታት የነበረብዎ እርስዎ ኖረዋል» ብሎኝ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ ሸክሜን ለማራገፍ ብቻ እንዳይመስልሽ። እሑድ እየሳቅሽ ነበር የነገርሽኝ። አመሻሽ ላይ ከሥራ ስትመለሺ ትልቋ ልጅሽ ከፊት ካልተቀመጠች መንዳት እንደማይሆንልሽ፤ «እማ ሰው፣ እማ ቀይ» እያለች እንደምታጫውትሽ፤ አንቺም «ዓይኔ» እንደምትያት። «ከአንተ የወረስኩት ነው» አልሽኝ። አብሬሽ ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ከአልጋው ጠርዝ ለመነሣት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ልጄ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። እነሱ ስለ ቀኑ ነው የሚጠይቁሽ፤ አንቺ ሳትጠየቂ ስለ ምሽቱ ንገሪያቸው። እስከዚያው ፀሐይ ካዘቀዘቀች መሪ አትጨብጪ፤ በታክሲም ቢሆን ግቢ። ያቺን ልጅ ከፊት ወንበር አውርጂልኝ። እናትሽ ሃያ ዓመት የተቀመጠችበት ወንበር ነው፤ ለሕፃን ይከብዳል።

መውጣትሽንም መግባትሽንም አምላክ ይጠብቅ። ብርሃኑን አይንሳሽ። ልጆችሽን በር ላይ ለመቀበል ያብቃሽ።

እናትሽን ከበር ላይ የወሰደብሽ
አባትሽ