አቁማዳ ውስጥ የጮኹት ስልኮች

ላሊበላ
ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለኤልሳቤጥ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቤቱ ግን እናትሽ ከሄደች ወዲህ ሰው የማይኖርበት መስሏል። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ጎረቤታችን ይማርሽ ናት፤ ለሕክምና አዲስ አበባ ትመጣለች። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ በደወልኩ ቁጥር "ስብሰባ ላይ ነኝ አባባ፣ መልሼ እደውላለሁ" ስለምትዪኝ ነው። ወረቀት ስብሰባ የለበትም፤ እስክታነቢው ይጠብቅሻል።

የምጽፍልሽ ስለ አሥራ አንዱ ባለበቅሎዎች ነው። እንዳትቆጪ። ብትቆጪም አንብቢው።

ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም እንግዳ ለሚያወጡት በቅሎዎች ሃያ ሁለት ዓመት ተራ አስከባሪ ነበርኩ። የማን በቅሎ እንዳነከሰች፣ የማን ሚስት እንደወለደች፣ ማን ሐዘን እንደተቀመጠ እያወቅሁ ተራውን አዛውር ነበር። አንቺ ከድርጅትሽ ጋር ያን ሲስተም ይዘሽ መጣሽ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ፣ እንግዳው ሆቴል ሲገባ፣ ተራራው ላይ ዝናብ ሲጥል፣ ሁሉንም በሆነበት ደቂቃ ሰምቶ ራሱ ይወስናል፤ ቅርብ ያለውን ባለበቅሎም በስልኩ ይጠራል አልሽን። እውነቱን ልናገር፣ ሲሠራ አይቼ ተደንቄያለሁ። አንድ ቀን አውሮፕላኑ መዘግየቱን ሆቴሎቹ እንኳ ሳይሰሙ ነገረንና ሰዎቹ ፀሐይ ላይ ከመቆም ዳኑ። ባለበቅሎው አረጋ "ጋሼ፣ ይቺ ነገር ጠንቋይ ናት እንዴ?" ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

አንፈልግም ያሉትን ቤት ለቤት እየዞርኩ የለመንኩ እኔ ነኝ። "ልጄ የሠራችው ነው፣ ልጄ አትጎዳችሁም" ብዬ በስምሽ ማልኩላቸው።

እናትሽ ባረፈች ማግስት አንቺ በጠዋቱ አውሮፕላን መጣሽ። ቅሬ ሲጠራ ዕድርተኛው ሁሉ፣ ገበሬው ሞፈሩን፣ ነጋዴው ሚዛኑን አስቀምጦ ለቀብር እንደሚወጣ እዚሁ ያደግሽ ልጅ ታውቂዋለሽ። አሥራ አንዱም በቅሎዎቻቸውን አስረው ከንጋት ጀምሮ እኛ ቤት ነበሩ። ድንኳኑን የተከሉት፣ ቃሬዛውን ያበጁት እነሱ ናቸው። አንቺ ገና ከመግባትሽ ስልኮቻቸው ይጮኹ ጀመር። እኔ የቅሬው ዳኛ ነኝና ተቆጣሁ። "ሬሳ ፊት ስልክ አይጮኽም፤ አምጡ!" ብዬ ሁሉንም ሰብስቤ አቁማዳ ውስጥ ከተትኩና ለይማርሽ ሰጠኋት። አንድም ሰው እምቢ አላለኝም። ለካ ያን ሁሉ ጥሪ ያመጣው አንቺን ያመጣው አውሮፕላን ነው፤ ከአንቺ ጋር እንግዶች ወርደው ኖሯል።

ሦስት ጥሪ ያልመለሰ ሰው ሦስት ወር ከሥራ እንደሚታገድ አላወቅሁም። ባውቅስ ለቅሶን እንደሚጨምር በምን ሐሳቤ ይመጣል?

ሠልስቱ እንዳለፈ ሰዎቹ ወደ ሥራቸው ቢወጡ ስልካቸው ዝም አለ። እኔ ወደ ድርጅታችሁ ቢሮ ሄድኩ። እዚያ የሚሠራው ኢያቄም ኮምፒውተሩን አዙሮ አሳየኝ። በአሥራ አንዱም ስም አጠገብ "ለሥራ ፈቃደኛ ያልሆነ" ይላል። "ቀብር ላይ ነበሩ እኮ!" አልኩት። "አውቃለሁ ጋሼ፣ እኔም እኮ ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ግን እኛ አንነካውም፤ የሚታዘዘው ከአዲስ አበባ ነው" አለኝ። ልጁ አፍሮ ዐይኔን ማየት አቃተው።

የዚያኑ ቀን ደወልኩልሽ። "አባባ፣ ሲስተሙ አልተሳሳተም። ሰው መሞቱን የሚነግረው የለማ" አልሽኝ።

ልጄ፣ ይህን ቃል ከሰማሁ ወዲህ እህል አይዋጥልኝም። ሰው መሞቱን ለተራው የምነግረው እኔ ነበርኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዬ እሱ ነበር።

አረጋ ያለ ሥራ የሚቀልባት ቢያጣ በቅሎውን ኩልመስክ ገበያ ወስዶ ሸጣት። ከገበያው ሲመለስ በቀጥታ እኔ ቤት መጣ። ልጓሟ በእጁ ነበር። "አብሽሩ ጋሼ፣ የእትዬ ውባንቺን ቃሬዛ በመሸከሜ አልጸጸትም" አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በእነሱ ቦታ የሰፈራችን ጎረምሶች ገብተዋል። ባለፈው ማክሰኞ የገብረመስቀል እናት አርፈው ቅሬ ተጠራ። ጎረምሶቹ ከመንገዱ ማዶ በቅሎዎቻቸውን ይዘው፣ ስልካቸውን ጨብጠው ቆሙ። ቀብሩ በፊታቸው ሲያልፍ አንገታቸውን ደፉ እንጂ ንቅንቅ አላሉም። በእናትሽ ቀብር የሆነውን አይተዋልና አልፈርድባቸውም። ቃሬዛውን የተሸከሙት እነዚያው የታገዱት ናቸው፤ ሌላ ምን ሥራ አላቸው? አረጋ ከፊት ነበር።

አንድ ነገር በሆዴ ይዤ ነበር፤ መያዙ ስለከበደኝ ልጻፈው። ይማርሽ እንዳለችኝ አቁማዳው ጫጩት የተከተተበት ይመስል ሲንቀጠቀጥ ነበር። አጠገቧ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ። አንድ ጊዜ እጅሽን አቁማዳው ላይ አሳረፍሽ፤ ከዚያ መልሰሽ አነሳሽው አለችኝ። ያን ጥሪ የሠራሽው አንቺ ነሽ። አቁማዳው አጠገብ ከነበሩት፣ ሦስተኛው ምን እንደሚያስከትልም የምታውቂ አንቺ ብቻ ነበርሽ። አንዳንድ ቀን፣ እናቷ ሞታባት ምን ልትሰማ ትችላለች እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሰምታለች እላለሁ። አልጠይቅሽም።

የእናትሽ አርባ ኅዳር 17 ነው። ከመምጣትሽ በፊት ሰዎቹን መልሺልኝ። ቅሬ ሲጠራም ቀሪ አይባሉ። ሲስተሙ ውስጥ አንድ መስመር ጨምሮ ማስገባት እንደማይከብድ ያኔ ስታስተምሪን ራስሽ ነግረሽናል። አለቆችሽ ከከለከሉሽ፣ ከለከሉኝ በዪኝ፤ እችለዋለሁ። አልተሳሳተም ግን ሁለተኛ አትበዪኝ።

የእናትሽ ምርቃት አይለይሽ። የእጅሽን ሥራ ለሰው የሚበጅ ያድርግልሽ። ቅዱስ ላሊበላ በወጣሽበት በገባሽበት ይጠብቅሽ።

እኔም እንግዲህ ሰባን አልፌያለሁ። ሰሞኑን ጸሎቴ ላይ አንድ ነገር ጨምሬያለሁ፤ የምሞትበት ቀን አውሮፕላን የማያርፍበት ቀን እንዲሆንልኝ።

አባትሽ
ሀብተ ሥላሴ