ከሰማያዊው ቀለም ሥር

ሳሊናስ፣ ሐሙስ፣ ማርች 14 ቀን 2019

ለኤፍራይን፣

«ውድ ባለቤቴ» ብዬ ልጀምር ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ እያልኩ ስጽፍልህ እጄ ለምዶታል፤ ዛሬ ግን ቃሉ አልወጣ አለኝ። እንደምን ከርመሃል? ኦርላንዶ ብርድ ገባ ብለህ ነበርና ጉልበትህን ሸፍነው። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል፣ እናትህ ተሽሏቸዋል፣ ዶሮዎቹን የጎረቤት ውሻ ጨረሳቸው። ወሬው ይኸው ነው፤ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ባለፈው እሁድ ልጃችን ዙሌይካ የመኪና ውድድሩ ላይ የሆነችውን ሰምተሃል። አንደኛ ማርሽ ገባ፣ ሁለተኛ ገባ፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የመኪናችን የካናሪያ ካምቢዮ ጥርሱን አፋጨ፤ አጠገቧ የነበረው መኪና ጥሏት ሄደ። ተመልካቾቹ ከአጥሩ ዳር እንደ ልማዳቸው «ቡና እየፈጨች ነው!» ብለው ጮኹባት። ወርዳ ስትመለስ አንዱ ባዶ የቡና ከረጢት የፊት መስታወቱ ላይ ሰክቶ ጠበቃት። ማርሽ የሚያንጫጫ ሹፌር የሚሸለመው ይህንኑ እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም።

ያን ዕለት ከሰዓት የላክህላትን የድምፅ መልእክት እኔም ወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁት። «ልጄ፣ መኪናዋ ምንም የላትም። እግርሽ ነው፣ እጅሽም ይቸኩላል። ምን ታደርጊ፣ እናትሽን ወጥተሽ ነው። የፊታችን እሁድ መሪውን ለአጎትሽ ልጅ ለዊቶ ስጪው፤ የውድድር ዘመኑ መዝጊያ ነው፣ መኪናዋን አናዋርዳት።»

ልጅቷ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። «ማሚ፣ ከእንግዲህ አልነዳም። ፓፒ እውነቱን ነው፣ እኔ እጅ የለኝም» አለችኝ። ከስምንት ዓመቷ ጀምራ ጋራዥ ውስጥ ያደገች ልጅ! እኔስ ምን አልኳት? «አባትሽ ያውቃል» አልኳት። ይህን ስጽፍልህ ራሴን ያስጠላኛል።

ሰኞ ስነሳ ግን ቁልፉ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ማየት አልቻልኩም። ዙሌይካን በግድ አስነሳሁና መኪናዋን ካምቢዮ ሠሪው ዶን ሞንሴ ጋ ወሰድናት። አዎ፣ ደጃፋቸውን እንዳንረግጥ የከለከልከን ሽማግሌ ጋ። አንተ በስልክ እያዘዝክ ካምቢዮዋን ሁለት ጊዜ አስወርደን እንደፈታን፣ የነሐስ ቀለበቶቿን እንደለወጥን፣ ሦስት ዓይነት ዘይት እንደሞከርን ነገርኳቸው። የያዙትን ማልታ ጠጥተው ጨረሱና ወደ መኪናዋ መጡ።

«ሞተሩን አጥፊና ማርሾቹን በሙሉ አስገቢ» አሉኝ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፤ ሁሉም ድምፅ ሳያሰሙ ገቡ።

«አሁን አስነሺ።»

አስነሳሁና ነዳጅ ሰጠሁት። ሦስተኛው እንቢ አለ፣ የኋላ ማርሹም ጮኸ።

«ካምቢዮዋማ ከእኔ ትሻላለች። ፍሪሲዮኑ ነው አለቅ ያላት። ስንት ጊዜ ፈታችኋት አልሽኝ?»

«ሁለቴ።»

«ጥርሱን ያመመውን ሰው ሆዱን ቀደዳችሁታ!»

ቀጥለው የፍሪሲዮኑን ፓምፕ አዩት፤ አያፈስም፣ አየርም አልገባበትም። ጥግ ይዛ ያኮረፈችውን ዙሌይካን ጠሯት። «አንቺ ቆንጆ፣ ነይ ቁጭ በይና ፔዳሉን ርገጪልኝ።» ኮፈኑን ከፍተው በባትሪ እያበሩ አጎነበሱ። «ርገጪ! ልቀቂ! ርገጪ! ኔሬይዳ፣ ነይ ይቺን እዪ።»

አየሁ። ዙሌይካ በረገጠች ቁጥር ፓምፑ የታሰረበት ላሜራ፣ ያ በሞተሩና በሹፌሩ እግር መካከል ያለው፣ የጣት ውፍረት ያህል ወደ ፊት ይጎብጣል። ገና ከመጋባታችን በፊት ቱርቦውን ስትገጥምላት ያስገባህላት ፍሪሲዮን የበሬ ጉልበት የሚፈልግ ነው። የልጅቷ ጉልበት ግማሹ ላሜራ ሲያጎብጥ ያልቃል፣ ፍሪሲዮኑ ጋ የሚደርሰው ትራፊው ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ደግሞ በትራፊ አይለቅም።

«እግሯ ምንም አልሆነ። ላሜራው ነው የሚሸሻት» አሉ ዶን ሞንሴ።

ምንጣፉን ገለጥነው። «ሙጫው ይላቀቃል፣ እንዳትነኩት» እያልክ ይህን ሁሉ ዓመት ያስጠበቅኸንን ምንጣፍ። ከሥሩ የአንተ አሮጌ ካናቴራ ተጠቅጥቆ አገኘነው፤ ረጥቦ፣ ሻግቶ፣ የሞተ እንሽላሊት ተጣብቆበት። ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። ዶን ሞንሴ በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ሲያደርጉት ስቱኮው ረገፈ። ሥሩ መዳፍ የሚያህል ስንጥቅ አለ፤ በላዩ ላይ የአንድ ችኩል ሰው ብየዳ ዝጎ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ብሏል።

እሱስ ይሁን፣ ላሜራ ይሰነጠቃል። የረገፈውን ስቱኮ አንስቼ ግን ፀሐይ ላይ አየሁት። ላዩ ሰማያዊ ነው። ጠርዙ ላይ ግን ከሰማያዊው ሥር ቢጫ አለ።

ኤፍራይን፣ ካናሪያን ሰማያዊ የቀባሃት ዙሌይካ በተወለደች ዓመት ነው፤ ስቱኮው ግን ገና ቢጫ ሳለች የተለቀለቀ ነው። እንደ ካናሪ ወፍ ቢጫ ስለነበረች አይደል ስሙ የወጣላት? ቢጫ ሳለች የሚነዳት ማን ነበር? እኔ ነበርኩ፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ አሥራ አንድ ጊዜ አሸንፌባታለሁ። ከዚያ ሦስተኛው እንቢ ሲለኝ የቡና ከረጢቱን መስታወቱ ላይ የሰካህልኝ አንተው ነህ። «የሴት እጅ ነው፣ ምን ይደረግ!» አልክ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳቄን ስጨርስ ቁልፉን ሰጠሁህ።

አላስታውስም እንዳትለኝ። ሌላ ሰው እጁን እንዲያሳርፍባት ፈቅደህ አታውቅም፤ ባትላሜራውም ቀለም ቀቢውም አንተ ነበርክ። ደግሞም አሁን ትዝ ይለኛል፣ አንተ ሦስተኛን ስታስገባ ፍሪሲዮን አትረግጥም ነበር። ነዳጁን ለአፍታ ለቀቅ ታደርግና እንዲሁ ታንሸራትታት ነበር። እኔ ሞኟ ጥበብ መስሎኝ ለጎረቤት አወራልህ ነበር! ታውቅ ነበራ። እያወቅህ ስቱኮ ቀባህበት፣ እያወቅህ ካናቴራህን ጠቀጠቅህበት፣ እያወቅህ ልጅህን በስልክ «እጅሽ ነው» አልካት። እኔንስ እሺ፣ ሚስት ነኝ። የገዛ ልጅህን? ኦርላንዶ ስላለችው ሴትዮ ሰምቼ ዝም ያልኩ ጊዜ እንኳ እንዲህ አላስጠላኸኝም።

ዶን ሞንሴ ዝገቱን ቆርጠው ጣሉና ከሁለቱም ወገን ወፍራም ብረት በየዱበት። ዛሬ ጠዋት ከማንጎው እርሻ ጀርባ ወዳለው ቀጥ ያለ መንገድ ወሰድናት። ዙሌይካ አልቀመጥም አለች።

«እንቢ ካለችኝስ? ማሚ፣ አንቺ ቅደሚ።»

«አብደሻል እንዴ? ወገቤን አታውቂም?»

«ቅደሚ አልኩሽ! ለአንቺ ከገባች ለእኔም ትገባለች።»

ተቀመጥኩ። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አንደኛ። ሁለተኛ። ሞተሩ ሲጮህ ረገጥኩ፣ ዘንጉን ወደ ላይ ገፋሁት። ገባች። ምንም አልተሰማኝም፣ ዝም ብላ ገባች። መንገድ ዳር አቆምኩና ቀኝ እጄን ሳየው ቆየሁ። ሩዝ ሲያርርብኝ፣ ሳህን ሲያመልጠኝ፣ «ይሄ የእኔ እጅ!» እያልኩ ስሰድበው ነው የኖርኩት። ዙሌይካ ሮጣ ደርሳ አንገቷን በመስኮቱ አስገባች።

«እጄ ደህና ነበር ማለት ነው?»

«ደህና ነበር። የሁለታችንም» አልኳትና አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ሰባት ጊዜ ተመላለሰችበት። ዶን ሞንሴ «በቃ፣ ነዳጁን ጨረስሽው!» እያሉ ቢጮኹ አልሰማ አለች። እሁድ የምትነዳው እሷ ናት። ዊቶም ተነግሮታል፣ ጎማ ያቀብላል።

እግዚአብሔር ይጠብቅህ። ይህን ከልቤ ነው የምልህ፣ ክፉ አልመኝልህም። ዙሌይካ ስልክ ባወራችህ ቁጥር «ቤንዲሲዮን፣ ፓፒ» ብላ ቡራኬህን ሳትቀበል ዘግታ እንደማታውቅ ታውቃለህ። አሁን ደብዳቤውን ልጨርስ ስል «ለአባትሽ ምን ልበልልሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ቡራኬ አልጠየቀችም። እሁድ የሰኩባትን የቡና ከረጢት አምጥታ ሰጠችኝና «ይህን ጨምሪበት» አለችኝ። ውስጡ ያለው የረገፈው ስቱኮ ነው። አውጥተህ ጠርዙን እየው።

ኔሬይዳ