ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ

ለውድ እማማ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ደረጃው ላይ ቀስ ይበሉ እንጂ፤ ባለፈው ስንመጣ ሳይደገፉ ሲወርዱ አይቼ ስንት ቀን ሐሳብ ይዞኝ ሰነበተ። እኛ እንደ ወትሮው ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን እንደ ወትሮው አይደለንም። ማንም አልታመመም፣ ማንም አልተጎዳም፤ ይህን አስቀድሜ የምነግርዎት ልብዎ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው።

ባለፈው እሑድ በር በር እያዩ እንደዋሉ አውቃለሁ። መኪናው ተበላሸ ብዬ የደወልኩልዎት እኔ ነኝ። መኪናው አልተበላሸም። መካኒክ ባል ይዛ መኪናችን ተበላሸ የምትል ሴት ማን ያምናታል? እርስዎም አላመኑኝም ብያለሁ። ግን የቤታችን ግድግዳ ስስ ነው፣ ልጆቹም የሚያመልጣቸው ነገር የለም፤ ስለዚህ በስልክ ከምነግርዎት ብጽፍልዎት ይሻላል ብዬ ነው።

ከሥሩ ልንገርዎት። ወደ እርስዎ የሚያመጣው መንገድ ረጅም ነው፤ ልጆቹ ድሮ እንዴት ያሰቃዩን እንደነበር ያውቃሉ። አንዱ ሽንቴ መጣ ሲል፣ አንዷ አቅለሸለሸኝ ስትል፣ ደረስን ወይ፣ ደረስን ወይ ሲሉ፣ እርስዎ በር ላይ ስንደርስ ለሰላምታ እንኳ አቅም አይኖረኝም ነበር። ያዳነን በድምፅ የተቀዳ መጽሐፍ ነው። ስልኬን ከመኪናው ስፒከር ጋር አገናኝቼ ትረካውን ስከፍተው ሁሉም ጸጥ ይላል። በተለይ የፖስተኛው ፍየል ታሪክ! ልጆቹ እየተሻሙ የነገሩዎት እሱን ነው፤ መንገድ ላይ ሲርበው ደብዳቤውን የሚበላው፣ ከዚያ የባለቤቱ በር ላይ ቆሞ የበላውን በቃሉ የሚወጣው። እሱም ቢሆን እንዳለ አይወጣውም፤ ያልጣመውን ቃል እየለወጠ ነው። ታላቅየው በሳቅ ይንፈራፈራል፤ ታናሽ እህቱ ቁንጫም እንዲሁ (ይህን ስም ያወጡላት እርስዎ ነዎት፣ እኔ የለሁበትም)። ልጅዎ ደግሞ መሪውን እየመታ ይስቃል። እማማ፣ ያ ሳቅ! ሳምንቱን ሙሉ ጋራዥ ውሎ ቤት ሲገባ ዝም የሚል ሰው፣ እዚያ መኪና ውስጥ እንደ ሕፃን ይስቅ ነበር። እውነቱን ልንገርዎትና እኔ ለጉዞ የምጣደፈው ያን ሳቅ ልሰማ ብዬ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ያበግነኝ ነበር። ቁንጫ የምትቀመጠው ከአባቷ ወንበር ጀርባ ነው፤ መንገዱን ሙሉ ወንበሩን ትረግጣለች። ተይ እላታለሁ፣ ትተዋለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ጠቅ። የአባትሽን ወገብ ጨረስሽው እላታለሁ። እሱ ደግሞ ተያት፣ ልጅ ናት ይላል። እኔ አንዴ ነገር ከያዝኩ መች እለቃለሁ፣ ያውቁኛል። እሑድ ለት ልንነሣ ስንል ዛሬስ አለቀ ብዬ ከእኔ ጀርባ አስቀመጥኳት፤ ወንድሟን ወደ እሷ ቦታ አዛወርኩት። አለቀሰች። ሰው የሞተባት ይመስል አለቀሰች። ምን ዓይነት ቅብጠት ነው ብዬ ቀበቶዋን አስሬ በሩን ዘጋሁባት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለካ ለእኔ ነው።

ትረካው ተከፈተ። ፍየሉ የፍቅር ደብዳቤ በልቶ፣ ለልጅቷ መናገር ሲገባው ለአባቷ የሚያነበንብበት ቦታ ስንደርስ ልጁና እኔ በሳቅ ፈረስን። ልጅዎ አልሳቀም። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ቦታ ነው እኮ፤ ከዚህ በፊት ሰምተነዋል። ቆይቶ በመስታወቱ ልጁ ሲስቅ አየና እሱም ሳቀ፤ ያኔ ግን ፍየሉ ተይዞ እየተገረፈ ነበር። ቁንጫ ትረካውን ትታ አባቷን ብቻ ታያለች።

ከዚያ ከኋላችን አምቡላንስ መጣ። ጩኸቱ ትረካውን ዋጠው። ከፊታችን ያሉት መኪናዎች በሙሉ ዳር ይዘው ቆሙ፣ መሐሉ ባዶ ሆነ። ልጅዎ ምን ቢል ጥሩ ነው? ዛሬስ መንገዱን ለቀቁልን አለና ነዳጁን ረገጠ። ደስ ብሎት! አምቡላንሱ ከኋላ ይጮኻል፣ እኛ ከፊቱ እንከንፋለን። እኔ ስሙን እየጠራሁ እጮኻለሁ። ዳር የቆሙት ሾፌሮች እጃቸውን ያወናጭፋሉ፤ እሱ ሰላም ያሉት መስሎት እጁን አውጥቶ አጸፋውን መለሰላቸው። ቁንጫ ከቀበቶዋ ሾልካ፣ ወንድሟ ጭን ላይ ተንጋላ የአባቷን ወንበር በሁለት እግሯ ስትረግጠው፣ ያኔ መስታወቱን አየ። መሪውን ወደ ዳር ሲጠመዝዘው ጎማው ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተላትሞ ቆምን። አምቡላንሱ አለፈን። ውስጡ የተኛው ማን ይሆን፣ በእኛ ምክንያት ምን ያህል ዘግይቶ ይሆን እያልኩ እስካሁን እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም።

ዞረን ተመለስን። ትረካውን መዝጋት ትዝ ያለው ሰው ስላልነበረ እስከ ቤት ድረስ ፍየሉ ብቻውን ሲያወራ መጣ።

ቤት ገብተን የቁንጫን ፀጉር እየፈታሁ ጠየቅኳት። አንድ ርግጫ ሳቅ ማለት ነው አለችኝ። ሁለት ርግጫ ወይ ጉድ በል ነው። እግርን ለጥፎ መግፋት ከሆነ ከኋላ ጥሩንባ እየተነፋ ነው። ማን አስተማረሽ ብላት ማንም አለች። አንድ ቀን ሁላችንም ስንስቅ አባቷ ብቻ ሳይስቅ ሲቀር አሳዘናት፣ ረገጠችው፣ ሳቀ፤ በዚያው ቀጠሉ። አንድም ቀን ተነጋግረውበት አያውቁም። እኔ ደግሞ ይኸን ሁሉ ጊዜ ተይ እያልኩ ስቆጣት ከረምኩ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የገዛ ቤቴን ጉድ መጨረሻ ያወቅኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ሲደውሉ ስልኩን ፈጥኖ ለልጆቹ የሚያቀብለው ለዚህ ነው። ጋራዥም መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳርፎ ብልሽቱን ሲናገር ደንበኞቹ አቤት እጅ ይላሉ፤ እኔም በኩራት እነፋ ነበር።

እማማ፣ ጭንቀቴ ይኼ ብቻ ቢሆን በቻልኩት። ከፊታችን ሰኞ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ሊጀምር ነው። ዓይኑን ብቻ አስመርምረው፣ መንጃ ፈቃዱን አይተው ተቀበሉት። ከዘይትና ከጭስ የሚያወጣው ሥራ ነው፤ ስንት ዓመት የተመኘው ነው። ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ ሰቅሎታል። ግን የሰው ልጆች ናቸው እማማ! ወንበሩን የምትረግጥለት ቁንጫ የሌለችበት አውቶቡስ ሙሉ ልጆች! ነገሩን አንዴ ባነሣበት ደክሞኝ ነው አለኝ። ደግሜ ባነሣበት ፊቱ አመድ መስሎ ጥሎኝ ወጣ። ከእኔ አፍ ሲወጣ ውርደት ይሆንበታል፤ እናቱ ብትለው ግን እሺ ይላል። ሐኪም ዘንድ ቢሄድ፣ ለጆሮው የሚያግዝ መሣሪያ ቢያደርጉለት ማን ያውቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና እባክዎ ከሰኞ በፊት ይምጡልኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎት ጎረቤታችን ባለሱቁ ነው፤ ዕቃውን ጭኖ ሲመለስ ይዞዎት ይመጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሳሎናችን ያለውን ፎቶ ያውቁታል፤ አባባ በጭነት መኪናቸው መሪ ላይ፣ እርስዎ ከጎናቸው፣ እጅዎ ትከሻቸው ላይ። ያለ እርስዎ አይነዱም ነበር፣ ፍቅራቸው ልዩ ነበር ሲባል ሰምቼ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ እንዲህ ያለውን ስጠኝ ብዬ ፈጣሪን ለምኛለሁ። ትናንት አቧራውን ልጠርግ አውርጄው እጅዎን ልብ ብዬ አየሁት። ሌሎቹ ጣቶች ትከሻቸው ላይ አርፈዋል። ጠቋሚ ጣትዎ ግን ጠቅ ሊያደርግ ተነሥቷል።

አባባ አደጋ ደርሶባቸው ባረፉበት ቀን ብቻቸውን እንደወጡ አውቃለሁ፤ እርስዎ የልጅዎን ታናሽ እህት ወልደው ገና አራስ ነበሩ። ፍሬን እምቢ ብሏቸው ነው ተባለ። እንደተባለው ይሁን፤ እኔ ምንም አልጠይቅዎትም። ይምጡልኝ ብቻ።

ይህን ስጽፍ ልጅዎ ቤቱን ያምሳል፤ የመኪናውን ቁልፍ ይፈልጋል። ቁልፉ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነው። ቁንጫ ስደብቀው አይታኛለች፤ እሷም እግር በእግር እየተከተለችው አብራው ትፈልጋለች። አሁን ከሳሎን ስሜን ጠራኝ። ወዬ አልኩት። ደግሞ ጠራኝ። ወዬ፣ እዚህ ነኝ አልኩት። አሁንም እየጠራኝ ነው።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ እማማ። በሰላም መጥተው ለማየት ያብቃን። ያቺ ትከሻ ላይ ያረፈች እጅዎ ትባረክ፤ እሷን ስሜያለሁ።

ልጄ የሚሉኝ
ምራትዎ