የታችኛው ክፍል ለሰፊዎቹ ይሁን

ዛሬ ሰኔ ዐሥራ ሁለት ቀን፣ እኔ በልብስ ፋብሪካው የጨርቅ ቆራጮች አለቃ የነበርሁት፣ ሰፈሩ «መቀስ» የሚለኝ፣ ሰውነቴ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃሌን አጽፋለሁ።

ፎቁ ሌላ ከተማ ለምታስተምረው ሴት ልጄ ይሁን። የጓሮው ቤት የወንድ ልጄ ነው። የታችኛውን ትልቅ ክፍል ግን ከፋብሪካው ለተሰናበቱት ልብስ ሰፊዎች ተናዝዣለሁ።

ይህን ስል ወንድ ልጄ፣ «አባዬ፣ ለባዳ?» አለኝ። ምክንያቴ ይጻፍ።

ፋብሪካው ማሽኑን ሲያመጣ አቆራረጤን እንዳስተምረው ተጠየቅሁ። የእጄን እንቅስቃሴ ለማሽኑ የሚቀዳ፣ ሽቦ የተያያዘበት ጓንት አጥልቀውልኝ፣ «እንዳንተ የሚቆርጥ የለም» ሲሉኝ ልቤ አበጠ። መጀመሪያ ቆራጮቹ፣ ቀጥሎ ማሽኑ መስፋትም ሲለምድ ሰፊዎቹ ከሥራ ወጡ። እኔ ቀይ መብራት ሲበራ ቁልፍ እንድጫን ወንበር ተሰጠኝ። ማሽኑን አልከስም፤ ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ አቅልሏል። የሚያሳፍረኝ፣ ሰፊዎቹ ሴቶች «ለአለቆቹ አንድ ቃል ይናገሩልን» ሲሉኝ «ጊዜው ነው» ብዬ ፊቴን ማዞሬ ነው። ምሳ የምንበላበት ረጅም ጠረጴዛ ተነሣ። የታመመ የሚጠይቅ፣ የአራስ ልጅ ተቀብሎ የሚይዝ ጠፋ፤ ሁሉም በሩን ዘጋ። እኔም መንገድ ላይ ሳያቸው ወደ ማዶ እሻገር ነበር።

አሁን አልጋ ላይ ስወድቅ ገላዬን የምታጥበኝ ከእነርሱ አንዷ፣ «ጥድፊያ» የምንላት ናት። ፎጣውን ስታነሣ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

እርሷ በምስክርነት እንድትፈርም ጠየቅሁ። ጸሐፊው ግን፣ «የሚወርስ አይመሰክርም፤ አንዱን ምረጪ» አላት።

«እህቴ፣ ፈርሚልኝ፤ ክፍሉን ሌሎቹ ይረከባሉ» ብዬ ለመንኋት። ፊርማዋን እንደ ይቅርታ ልቆጥረው ነበር። ገባት።

«ጋሼ፣ የማጥብዎት አሳዝነውኝ ነው። ይቅርታው ግን የእኔ ብቻ አይደለም። ሌላ ምስክር ይፈልጉ፤ እኔ ክፍሉን ከሴቶቹ ጋር እረከባለሁ» አለችኝ።

አፈርሁ። እውነቷን ነው።

ልጆቼ ሆይ፣ ቢሰፉበትም፣ ተሰብስበው ቢያወሩበትም፣ ለምን እንዳትሏቸው። በቀብሬ ላይም ስለ ሙያዬ ምስጋና አይነበብ።

ቃሌ ተነቦልኝ፣ የእኔው መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ። በፊቴ የፈረሙት ምስክሮች ጎረቤቴ አናጢው፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ የታክሲ ሹፌሩና ይህን የጻፈልኝ ጸሐፊ ናቸው። ወንድ ልጄ በዚህ ሰዓት አጠገቤ የለም። ክፍሉን ለሰፊዎቹ ባዶ ሊያደርግ ከጥድፊያ ጋር ወርዷል፤ ዕቃ ሲጎተት ከታች ይሰማኛል።