በአንድ ሰዓት ያስተማርኩህ ደረት

ውድ ዋናው፣

“ውድ” ያልኩህ ደብዳቤ እንዲያ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ትርጉም እንዳትሰጠው። አንተማ “ለምወድህ ወንድሜ” ብለህ ነው የጀመርከው። ዐሥራ አንድ ዓመት ድምፅህን አጥፍተህ ከርመህ፣ አንድ ቀን ብድግ ብለህ “ወንድሜ”! የእጅ ጽሑፍህም አልተሻሻለም፤ ዛሬም መስመሩን ለቆ ቁልቁል ይወርዳል። እንደምንም አነበብኩት። ልጅህ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል፣ ውሃ ትወዳለች፣ ከቀዘፋ ሁሉ አስበልጣ የምትወደው ደግሞ ደረት ነው። “ካንተ የተሻለ የሚያስተምር ሰው ስለማላውቅ አንተ ጋ ልላካት ወይ?” ብለሃል።

ይህቺን የመጨረሻዋን ስትጽፍ እየሳቅክብኝ ነበር ወይስ ከልብህ ነው? እሱን መለየት አቅቶኝ ነው መልሴ ሦስት ሳምንት የዘገየው። እሺ ወይም እምቢ ከማለቴ በፊት ግን የዚያን ቀን ጠዋት ነገር መጻፍ አለብኝ። ግማሹን ታውቀዋለህ። ሌላውን ግማሽ ታውቀው እንደሆነ አላውቅም፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ከወረቀቷ ልጀምር። አሰልጣኛችን፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ከጽሑፍ ጋር የተጣሉ ሰው ነበሩ። ለፌዴሬሽኑ የስም ዝርዝር ላኩ ሲባሉ ከልጃቸው ደብተር ግማሽ ቅጠል ቀደዱና “ዋና፦” ብለው ያንተን ስም፣ ከሥሩ “ደረት፦” ብለው የኔን ስም ጻፉ። በቃ። እኛ ገንዳ ዳር ነጻ ቀዘፋ የሚል ሰው አልነበረም፤ እሱ በደፈናው “ዋና” ነው። የደረት ቀዘፋ ደግሞ “ደረት”። የትኛውም ዋናተኛ ወረቀቷን ቢያያት አንተ ነጻ ቀዘፋ፣ እኔ የደረት ቀዘፋ እንደምንዋኝ ይገባዋል። የፌዴሬሽኑ ጸሐፊ ግን ዋናተኛ አልነበረችም። የዓለም ሻምፒዮናው አዘጋጆች “ያለው የአንድ ሰው ቦታ ነው፤ እሱም በወንዶች ሃምሳ ሜትር የደረት ቀዘፋ” ብለው ሲጽፉ ወረቀቷን ከፋይል አወጣችና አነበበች። “ዋና” የተባልከው አንተ ስለሆንክ ዋናው ተወዳዳሪ አንተ ሆንክ። እኔ ተጠባባቂ።

“ደረት” የሚለውን ምን አድርጋ እንደተረዳችው መቼም አትረሳውም። አሰልጣኛችን ጋ ደወለች።

“የሁለተኛው ልጅ የደረት ቁጥር አልተጻፈም፤ ስንት ነው?”

“የኔ እህት፣ ዋናተኛ ቁጥሩን የት ይለጥፈዋል? ቆዳው ላይ?”

ያኔ ነው ጉዱ የፈላው። ስምህ በማኅተም ታትሞ ከተላከ አራት ቀን ሆኖት ነበር። መጀመሪያ ሁላችንም ሳቅን። አንተ ከሁላችንም በላይ ሳቅክ። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ጎማ ጫማህን እያንጣጣህ “ዋናው መጣ! መንገድ ልቀቁ!” ስትል እኔም ስቄያለሁ። ሰኞ ይስተካከላል ብዬ ነበራ። ሰኞ የቡድን መሪው ቢሮ ጠርቶን “በማኅተም የወጣ ስም በአፍ አይመለስም” አለ። መውጫው አንድ ብቻ ነበር፤ ዋናው ተወዳዳሪ ራሱ “አሞኛል፣ አልችልም” ብሎ ከፈረመ ተጠባባቂው ይተካል።

ሁላችንም ወዳንተ ዞርን። አሰልጣኛችን እስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው አወጡ። አንተ ጫማህን አየህ።

“እስቲ እናያለን” አልክ።

እስቲ እናያለን! እምቢ ብትል ኖሮ እንኳን ቢያንስ ሰው ነው እል ነበር። እምቢ ለማለትም እኮ ወኔ ያስፈልጋል። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከሃያ ሰባት ያለፈ ዋናተኛ ፌዴሬሽኑ እንደማይልክ ታውቃለህ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደረት ብቻ ነው የዋኘሁት፤ ጉልበቴ ከውስጥ በኩል እያበጠ ደረጃ ስወርድ እንደ ሽማግሌ ግድግዳ እደግፍ ነበር። አንተ ደረትን የምትዋኘው ሲደክምህ ነው፣ እያወራህ፣ ጭንቅላትህን ከውሃ በላይ አድርገህ፣ እንደ ጡረተኛ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ አንተ ግን በዝምታህ አውሮፕላን ተሳፈርክበት። በጸሐፊዋ ላይ አፌ እንዳመጣ ተናግሬያለሁ፣ ላንተ ግን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እሱ ነው።

እዚያ ከደረስን በኋላ ያሳየኸኝን ደግሞ ማን ይረሳዋል? ቱታውን ለብሰህ ቁርስ፣ ቱታውን ለብሰህ አሳንሰር፣ ቱታውን ለብሰህ እንቅልፍ። ጀርባህ ላይ ያለው የአገር ስም እንዲታይ ሰው በመጣ ቁጥር ዞር ትላለህ። ለኔም ተመሳሳዩን ሰጥተውኝ ነበር፣ እጅጌው ክንዴ ላይ የሚቀር። ያንተን ቦርሳ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ የቡድን መሪው “ተጠባባቂ ሥራ አይፍታ” ብሎ አሸከመኝ። አንተም “ኧረ ተወው፣ ራሴ እይዘዋለሁ” አላልክም።

የውድድሩ ቀን ጠዋት ግን ክፍሌን አንኳኳህ። ፊትህ አመድ መስሏል።

“አንተ፣ ደረት አስተምረኝ።”

“ዛሬ?”

“አራት ሰዓት እኮ አለን። አትሳቅ በናትህ፣ ሌሊቱን ሙሉ እግሬ እንዴት እንደሚሄድ ሳስብ አደርኩ።”

ልምምድ ገንዳው ሄድን። በንቀት ነበር የሄድኩት፤ ሰምጠህ ስታፍር ለማየት። ተረከዝህን ወደ መቀመጫህ ሰብስበው፣ ጣቶችህን ወደ ውጭ አዙር፣ ውሃውን ጠርገህ እግርህን ግጠም። እጅህ ወደ ውጭ፣ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ወደ ፊት ወርውረው፤ ጭንቅላትህ እጅህን ይከተል። ስትዘል ከውሃ ሥር አንድ ጊዜ ብቻ እጅህን እስከ ጭንህ ድረስ ሳብ። አንድ ጊዜ ነገርኩህ፣ አንድ ጊዜ አሳየሁህ። ሦስተኛውን ርቀት ስትዋኝ ገንዳው ዳር ቁጢጥ ብዬ አየሁህ። እኔ ሁለት ዓመት የፈጀብኝን የእግር ምት በሃያ ደቂቃ ይዘኸዋል። እጅና እግርህ ሳይጋጩ፣ ውሃው ሳይረበሽ፣ ዝም ብለህ ትሄዳለህ። እስከዚያች ደቂቃ የናቅኩህ ቦታዬን ስለወሰድክ ነበር። ከዚያ በኋላ ጠላሁህ።

የተፈቀደልን አንድ ሰዓት ሲያልቅ ክርንህን ጠርዙ ላይ አስደግፈህ ሽቅብ አየኸኝ።

“ሌላስ?”

“ሌላ የለም።”

“የቀረ ነገር እንዳይኖር።”

“የለም አልኩህ እኮ! ውጣ አሁን፣ ሰውነትህ እንዳይቀዘቅዝ።”

ውድድሩ ላይ የቡድን መሪው አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። “ይሄ እንደ እንቁራሪት የሚዋኙት ነው አይደል?” አለኝ፣ ለዋና ቡድን መሪነት የተሾመው ሰውዬ! አንተ ስምንተኛው መም ላይ ነህ። ስምህ ሲጠራ ደረትህን ነፍተህ እጅህን አወዛወዝክ፣ ካሜራው ያለው ግን በሌላ በኩል ነበር። የመጀመሪያው ማጣሪያ እንደኛው ካሉ ትንንሽ ቡድኖች የመጡ ልጆች የሚዋኙበት ነው፤ ታላላቆቹ ገና ክፍላቸው ውስጥ ተኝተው ነበር። ደወሉ ጮኸ፣ ዘለልክ። ከውሃ ሥር አንድ ጊዜ ሳብክ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልክ እንዳልኩህ። ሠላሳኛው ሜትር ላይ አራተኛ ነበርክ። አርባኛው ላይ ሦስተኛ። የቡድን መሪው ተነስቶ ይጮኻል። እኔ የማየው ግድግዳውን ብቻ ነው።

ሁለት ሜትር ሲቀርህ የነጻ ቀዘፋ ሰው የሚያደርገውን አደረግክ። ትከሻህን አዙረህ ያንን ረጅም ቀኝ እጅህን ወረወርክና ግድግዳውን ነካህ። በአንድ እጅ።

ደረት በሁለት እጅ ነው የሚጨረሰው። ሁለቱም እጆች እኩል፣ ባንድ ላይ ግድግዳውን ካልነኩ ዋናው አይቆጠርም። ለጀማሪ በመጀመሪያው ቀን የሚነገር ነገር ነው። ላንተ ግን ማን ይንገርህ? ደረት ተወዳድረህ አታውቅማ።

“ሦስተኛ! ሦስተኛ ወጣን!” ብሎ የቡድን መሪው አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። እኔም አቀፍኩት። በትከሻው በኩል ነጭ የለበሰው ዳኛ እጁን ሲያነሳ እያየሁ አቀፍኩት። አንተ የመሙ ገመድ ላይ ተቀምጠህ ውሃውን በመዳፍህ ትደበድባለህ፣ ለማታውቃቸው ሰዎች እጅህን ታወዛውዛለህ። ሠላሳ ሁለት ሰከንድ ከአራት ዐሥረኛ። ቁጥሩ ከስምህ ጎን ለትንሽ ጊዜ ቆሞ ጠፋና በቦታው “ተሰርዟል” የሚል ተተካ። ያንን ሳታይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ስትደሰት አየሁህ። አልዋሽህም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ነገሩን ጨርሼ ልጻፈው። አልረሳሁትም። “ሌላስ?” ስትለኝ ሁለቱ እጅ ምላሴ ላይ ነበር። “የቀረ ነገር እንዳይኖር” ስትልም ነበር። ዋጥኩት።

ከዚያ ያቺ ጠባብ ክፍል፣ አራት ወንበርና አንድ የታሸገ ውሃ ያለባት። የቡድን መሪው ጠረጴዛውን እየደበደበ “ሁለት እጅ ነው እኮ ይሉኛል! ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን!” ሲል ቆየና ወደኔ ዞረ።

“አንተስ? የደረት ሰው አይደለህ እንዴ? አልነገርከውም?”

አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። አንተ ቀደምከኝ።

“ነግሮኛል ጋሼ። እኔ ነኝ የረሳሁት።”

ቀና ብለህ አላየኸኝም። ጸጉርህ ገና ይንጠባጠብ ነበር።

ፌዴሬሽኑ ሁለት ዓመት ከውድድር አገደህ። ተመልሰህ አልመጣህም፤ መስታወት ቤት ሥራ ገብተሃል ሲሉ ሰማሁ። እኔ በሚቀጥለው ዓመት ሃያ ሰባትን ሳላልፍ ተላክሁ፣ ያንኑ ርቀት፣ ያንኑ የመጀመሪያ ማጣሪያ። በሁለት እጄ፣ እኩል አድርጌ ግድግዳውን ነካሁ። ሠላሳ ሁለት ሰከንድ ከሰባት ዐሥረኛ። ስድስተኛ። የኔ ሰዓት መዝገብ ላይ ሰፍሯል፣ ያንተ የትም አልተጻፈም። በዘጠኝ ዓመት ያልደረስኩበትን አንተ በአንድ ሰዓት ትምህርት እንደዋኘኸው ግን እኔ አውቃለሁ።

ያቺን “ነግሮኛል” ያልካትን ቃል ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አገላብጫታለሁ። የምር ነግሬህ የረሳኸው መስሎህ ከሆነ ሞኝ ነህ፤ ብንቅህ አይፈረድብኝም። አውቀህ ከሸፈንከኝ ግን ምን ልበልህ? ያቺን አንዲት ፊርማ የነፈግከኝ አንተ፣ በማይገባኝ ቦታ ላይ እንዲህ ቸር ሆነህ ብድግ ስትል! ሌባ ሰርቆ ሲያበቃ መመጽወት ሲያምረው ታይቶ ያውቃል? ልናቅህ እፈልጋለሁ፣ ስንቅህ ከርሜያለሁም። ቦታዬን ወስደሃል፣ ዝም ብለሃል፣ ቱታ ለብሰህ ተኝተሃል። ይኼ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም እዚያች ክፍል ስደርስ ንቀቴ መሄጃ ያጣና ወደኔው ይመለሳል።

አሁን ስለ ልጅህ። ዛሬ ሠላሳ ስድስት ልጆች አስተምራለሁ፤ ደረት ለሚጀምር ሁሉ ገና እግሩ ሳይረጥብ ስለ ሁለቱ እጅ እነግረዋለሁ፤ እስኪሰለቻቸው ድረስ። ያንተን ልጅ ግን እንደ ሌሎቹ አያታለሁ ብዬ ልምልልህ አልችልም። እጅና እግሯ ያንተን ከመሰለ፣ ውሃው ሳይረበሽ ዝም ብላ መሄድ ከጀመረች፣ ያ ጠዋት ያደረገኝን ዳግም ያደርገኝ እንደሆነ አላውቅም። ይህን ለአባት መጻፍ ያሳፍራል። ሳልጽፈው መቅረት ግን ሁለተኛ ጊዜ መዋጥ ነው።

ስለዚህ ላካት፣ ብቻዋን ግን አትላካት። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ራስህ ይዘሃት ና። ገንዳው ዳር አግዳሚ ወንበር አለ፤ እሱ ላይ ተቀመጥና ከአፌ የሚወጣውን ሁሉ ስማ። ጋዜጣ እንዳታነብ፣ ከሰው ወሬ እንዳትጀምር። የዘለልኩት ነገር ካለ ተነስና ልጆቹ እየሰሙ ጮክ ብለህ ንገረኝ። የማታውቀው ነገር ከሆነ ደግሞ ጠይቀኝ፣ እስክመልስልህም አትቀመጥ። አንተን አላምንህም። በዚህ በኩል ግን ራሴን ከአንተም ባነሰ ነው የማምነው።

“አክባሪህ” ብዬ ልዘጋው ብዕሬን አንስቼ ነበር። እሱ ገና ነው።

እስከ ቅዳሜ።